በጥቂት ቺፕ እስከ አሊያንቴ

ንጋት፣ ዊትኒ

ገና ሳይነጋ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ተኝቷል። ለሦስት ነው የምንኖርበት። አንዷ በርገር ቤት ትሠራለች፤ ሺፍቷ በእንቅልፏም አያልቅም። "ፍራይስ ይጨመርልዎ?" ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ዛሬ ሌሊት ደንበኛው ተቆጥቷት ነው መሰል፣ ሁለቴ ይቅርታ ጠየቀችው። የራሴን ክፍል ለመከራየት የቀረኝ ዲፖዚቱ፣ የመያዣው ገንዘብ ብቻ ነው። ለዚሁ ስል ነው ዛሬ ፖከር ልወዳደር የምሄደው።

የአክስቴ ልጅ ሳሮን ከምትኖርበት ማውንተንስ ኤጅ መጥታ የመኪናዋን ጡሩንባ ነፋች። እዚሁ ቬጋስ ነው የተወለደችው። ፖከር ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በገንዘብ ፋንታ በሚቆጠረው ቺፕ ቦታ ደረቅ ፓስታ እየቆጠርን። የዛሬውን መግቢያም የከፈለችልኝ እሷው ናት።

"ሬዲ ነሽ፣ ዝናሽ?"

"እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"ፐርፌክት! ጥሩ ካርድ ያለሽ ይመስላቸዋል።"

ማለዳ፣ መንገድ ላይ

ፀሐይ ወጥታለች፣ የስትሪፑ፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና መብራት ግን እንደበራ ነው። ተራራው ቡናማ፣ ሰማዩ ባዶ፣ ቢልቦርዱ ሁሉ የመኪና አደጋ ጠበቃ ማስታወቂያ። በዚህ ከተማ ከሚጋጨው መኪና ጠበቃው ሳይበዛ አይቀርም።

"ቺፕሽ ትንሽ ብቻ ሲቀር ቱ ቾይስ አለሽ" አለች ሳሮን። "ወይ ካርድሽን ትጥያለሽ፣ ወይ ያለሽን ቺፕ ሁሉ ወደ መሐል ትገፊያለሽ። ግማሽ ግማሽ የለም።"

"ሰው ቢያየኝስ?"

"ሁሉም ያይሻል። ጠረጴዛ ነው እኮ!"

ረፋድ፣ አሊያንቴ

ቤቶቹ ሁሉ መንታ ይመስላሉ። ቁርስ እንቁላልና ድንች፣ ስምንት ዶላር። ሆቴል ስለማጸዳ ውድድሩ ያለበት ካዚኖ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ምንጣፉን ነው። ከመዝጎርጎሩ የተነሳ አንድ ሰሃን ምግብ ቢደፋበትም አይታይም። የመረጠው ሰው ብልህ ነው።

ውድድሩ እንደተጀመረ ሳሮን ሁሉንም ገፍታ ተሸነፈች። "ብላፍ ነበር፣ ካርዴ ባዶ ነው" አለችና ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እኔ እያፈርኩ ካርዴን ስጥል ስጥል፣ ሰዉ እርስ በርሱ ተባልቶ ስድስት ቀረን። የሚሸለሙት አምስት ናቸው። ስድስተኛ የወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል። ከሁሉም ያነሰ ቺፕ ያለኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ሐሳብ አቀረበ፦ ከሽልማታችን ትንሽ ትንሽ እናዋጣና ስድስተኛ ለሚወጣው የመግቢያውን እንመልስለት። ግን ሁሉም መስማማት አለበት። አራቱ እሺ አሉ። ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ?"

መዋጮው ለእኔው እንደሆነ ገብቶኛል። ሆዴ እሺ በይ ይለኛል። ግን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እንዴት እሺ ይባላል? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩና እስኪለምነኝ ጠበቅኩ።

አልለመነኝም።

"አልተስማማችም" አለች ካርድ አዳይዋ፤ ማደሏንም ቀጠለች። ከተጫዋቾቹ አንዷ፣ ፀጉራቸውን ሐምራዊ የተቀቡ አሮጊት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከኋላዬ ሳሮን እንደታነቀ ሰው አሳላት።

ተራዬ ሲደርስ ሁሉንም ገፋሁ። ሁሉም ካርዳቸውን ጣሉ፤ መሐል ያለው ቺፕ የእኔ ሆነ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ገፋሁ። አሁንም ጣሉ። ይህችን ታህል ቺፕ ብቻ ይዛ ዋስትና አልፈልግም ያለች ሴት የሆነ ነገር ብትይዝ ነው ብለው ፈሩኝ። የያዝኩት የማይረባ ዘጠኝና አራት ነበር።

ከዚያ እውነተኛ ካርድ መጣልኝ፤ ሁለት አሥር። ግን ባለባርኔጣው ቀድሞኝ ያለውን ሁሉ ገፋ። ከሁሉም የበለጠ ቺፕ ያላቸው አሮጊቷ ደግሞ "መጣሁልህ" አሉት። አሥሮቼን አየኋቸው፤ ያምራሉ። ብገባና ብሸነፍ አለቀልኝ። ብተውና እሱ ቢሸነፍ ግን ሳልነካው ተሸላሚ ነኝ። እንደ ውድ ሰሃን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

አሮጊቷ አሸነፉ። መዋጮውን ያመጣው ሰውዬ ራሱ ስድስተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

"አንቺ ሴት ልብ የለሽም" አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አነሳሴ ይበልጥ ያስደነገጠው ይመስለኛል፣ በፍጥነት ሄደ።

ወዲያው እኔም አምስተኛ ሆኜ ወጣሁ። ሽልማቱ የዲፖዚቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ከሰዓት በኋላ፣ የመልስ መንገድ

"ኦኬ፣ ኤክስፕሌይን አድርጊልኝ" አለች ሳሮን። "ለምንድን ነው ኖ ያልሽው?"

"ይሉኝታ ይዞኝ ነዋ። ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

በሳቅ መንዳት አቃታት። ከሀይዌዩ ወጥታ አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አደረገች። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ሳቋ ድንገት ቆመ።

"ዌይት። ባለፈው ዓመት ኤክስትራ ክፍል አለኝ፣ እኔ ጋ ግቢ ስልሽ ኖ አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ያም...?"

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ "ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም" አልኩ።

መኪናዋን አስነሳች። ወደ ዊትኒ የሚያስወጣውን መንገድ ትታ ወደ ማውንተንስ ኤጅ ቀጠለች።

"የት ነው የምንሄደው?"

"ክፍሉን ልታዪ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ?"

"አይ፣ አላስቸግርሽም።"

"ትገቢያለሽ?"

"ኧረ ይቅርብሽ፣ ሳሮን።"

"ዝናሽ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?"

"ሦስት።"

"ትገቢያለሽ?"

"እሺ።"