የበቅሎዋ የኋላ እግር

የአናጢው አማት ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ቁጭ በል» ይባላል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ይባላል፣ ቤት ተሳስቶ ያንኳኳው ይባላል፣ አንዴማ መጥረጊያ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ ቁጭ በል ተብሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ መጥረጊያውን ረስቶ ሄዷል። አናጢው ብቻ አይባልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይገባል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላል፣ ከዚያ ማንም ሳይጋብዘው በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ ፈልጎ ይቀመጣል። አቀማመጡም የራሱ ነው። መጀመሪያ ግራ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ቀጥሎ «እህህ» ይላል፣ ቀጥሎ ወገቡን ወዲህና ወዲያ ሁለት ጊዜ ያወዛውዛል፣ ከዚያ ዱብ።

«እዪውማ! እንቁላል ልትጥል የደረሰች ዶሮ!» ይላሉ አማቱ ለልጃቸው፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ እየሰማ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውየው የትያትር ቤት አናጢ ነው። የመድረኩን በርና መስኮት፣ ዛፉንና ድልድዩን የሚሠራው እሱ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ የትያትር ቤቱ ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጅ ወደዳትና ወደደችው፣ እናቷም ዘንድ ይዛው ሄደች። እናት ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ሥራህ ምንድነው?» አሉት። እስቲ «አናጢ ነኝ» ማለት ምን ነበረበት? ሙያ ነው፣ እንጀራ ነው። ግን ምላሱ ቀደመችውና «ተዋናይ ነኝ» አለ።

ደግሞ እንዲያው ዓይን ያወጣ ውሸት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ትያትር ቤቱ «የዘገየው ሙሽራ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሊያሳይ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ሙሽራው በበቅሎ ተቀምጦ ወደ ሠርጉ ሲሄድ በቅሎዋ መንገድ ላይ እምቢ ትላለች፣ እሱም እየዘፈነ ይለማመጣታል። በቅሎዋ የተሠራችው ከጨርቅ ነው። ውስጧ ሁለት ሰው ይገባል፤ አንዱ የፊት እግር፣ አንዱ የኋላ እግር። የፊተኛው ቢያንስ በአፏ ቀዳዳ አየር ያገኛል። የኋለኛው ግን ጎንበስ ብሎ፣ የፊተኛውን ቀበቶ ጨብጦ፣ በጨለማ የሚከተል ምስኪን ነው። ያ ምስኪን አናጢያችን ነበር።

የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ቆፍጣና ሽማግሌ ነበሩ። በቅሎዋ ውስጥ ሰው እንዳለ ትንፍሽ ያለ ከሥራ ይባረራል ብለው አስማሏቸው። «ታዳሚው በቅሎ ነው ማየት ያለበት፣ ሁለት ደመወዝተኛ አይደለም!» አሉ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የሁሉም ስም ከነአያቱ ሲጻፍ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው «በቅሎዋ፦ ራሷ» የሚል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አማት መጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን ወልውለው ሰውየውን መፈለግ ጀመሩ። ሙሽራው አይደለም። ሚዜው አይደለም። ከኋላ ባልዲ ይዞ የሚያልፈውም አይደለም። እሱ እቴ፣ እፊታቸው ሆኖ ጭንቅ ላይ ነበር። ልክ በዘፈኑ መሃል ቀኝ እግሩን ብርክ ያዘው። መቆም አልቻለም፣ መውጣት አይቻልም፣ መጮህ ክልክል ነው። ምን ያድርግ? ግራ ጉልበቱን አጠፈ፣ «እህህ» አለ፣ ወለሉን በመቀመጫው ወዲህና ወዲያ ፈለገ፣ ዱብ አለ። የፊት እግሯ የቆመ፣ የኋላዋ የተቀመጠ በቅሎ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው አዘጋጅ ሊገድሉት ዱላቸውን ይዘው ከኋላ ሲሮጡ ሳቁን ሰሙ፤ እሱ ዘንድ ሲደርሱ ሐሳባቸውን ቀይረው ነበር።

«ነገም ተቀመጥ» አሉት።

አማት ቤታቸው ተመልሰው ፍርዳቸውን ሰጡ። «ልጄ፣ ሰውሽ ዓይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። የትኛው ነበርክ አንተ?»

«ከሙሽራው አጠገብ ነበርኩ እማማ» አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ? እንደዚያ መሆኑ ነው።

«ከሙሽራው አጠገብ የነበረችው በቅሎዋ ናት!» አሉ። «እሷ ደግሞ ከሁላችሁም ትበልጣለች። ያቺ አቀማመጧ! ከዚያ ሁሉ መንጋ ሥራዋን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።»

ልጅቱ የመረጠችውን አገባች፣ እናትም እያጉረመረሙ ፈቀዱ። አዘጋጁ ካለፉ በኋላ አናጢው እውነቱን ሊያወጣ ቢያስብ ሚስቱ እግሩ ላይ ወደቀች። «ውሸታም ቢሉህ ውሸታም ሰው ነው። የበቅሎ ቂጥ ካሉህ ግን አለቀልህ፣ የልጅ ልጆችህ ሳይቀሩ የሚጠሩበት እሱ ነው!» አለች። እናቷን ታውቃቸዋለቻ። ስለዚህ ዝም አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አማቱ በአንድ አፍ እሱን ይሰድባሉ፣ በዚያው አፍ በቅሎዋን ያመሰግናሉ። እሱ ዱካው ላይ ሆኖ ሁለቱንም ይውጣል። ስድቡ ለመደው፣ ምስጋናው ነበር አንጀቱን የሚያሳርረው።

ይኸው ዘንድሮ ትያትር ቤቱ «የዘገየው ሙሽራ»ን ለዘመኑ ታዳሚ አድሶ ሊያሳይ ተነሣ። አዲሷ አዘጋጅ ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ስትራመድ ትሮጣለች፣ ስትናገርም ትሮጣለች። አናጢውን ጠራችው።

«ጋሼ፣ ሙሽራው የሚመጣው በኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ነው። መውጫ ድልድይ ይሥሩልኝ።»

«በቅሎዋስ?»

«በቅሎ ማን ያውቃል ጋሼ? የዛሬ ልጅ በቅሎ ቢያይ ፈረሱ ታሟል ነው የሚለው።»

አናጢው መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሞተሩ እምቢ ይላል?»

«አዎ፣ ባትሪው አለቀ እናስብላለን።»

«ይቀመጣል?»

«ማን?»

«ሞተሩ። ይቀመጣል ወይ?»

«ሞተር እንዴት ይቀመጣል ጋሼ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» ብሎ ወጣ። በዚያ ሳምንት የሠራው ድልድይ ላይ ሦስት ሚስማር በሚበቃበት ዘጠኝ ሚስማር መታ። ዘፈኑም ታድሶ ነበር። «ተነሺልኝ በቅሎዬ፣ ልትቀርብኝ ነው ሙሽራዬ» የነበረው «ተነሺልኝ ሞተሬ፣ ልትቀርብኝ ነው ፍቅሬ» ተብሏል። ሲሰማው ጥርሱን አመመው።

ይባስ ብሎ አማቱ ወሬውን በሬዲዮ ሰሙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከቤት ከወጡ ከርመዋል። ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። «ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ያዢልኝ። ያቺን በቅሎ አንዴ አይቼ ልሙት።»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«በቅሎዋ የለችም በላቸው» አለች ሚስት።

«እናትሽ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ማንም አልነገራቸውም። አናጢው ግን እንቅልፍ አጣ። በቅሎዋ አንድ ጊዜ ብትወጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሐላም ይቅር ስድብም ይምጣ፣ ዕለቱኑ «እኔ ነበርኩ እኮ እማማ» ሊላቸው ቆርጦ ነበር። አሁን ምኗን ይዞ ይናገር? ሴትዮዋ በቅሎ ፈልገው መጥተው ሞተር አይተው ሊመለሱ ነው፤ እሱም ውሸታም እንደተባለ ሊቀበር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። አማት ከዘራቸውን ይዘው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተሰየሙ። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፣ ታዳሚው ግማሹ ስልኩን ይነካካል። ከመድረክ ጀርባ ግን ጉድ ፈልቷል። ሙሽራው ሆኖ የሚጫወተው መልከ መልካም ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ግቢውን እየዞረ ፎቶ ሲነሣ ውሎ ባትሪውን ጨርሶታል። «ባትሪው አለቀ እናስብላለን» የተባለው ሞተር የምሩን አለቀ። ቢገፉት መሪው ተቆልፏል።

«ስንት ደቂቃ ቀረን?» አለች አዘጋጇ።

«አሥር።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ያዘች።

የአናጢው ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ቁም ሣጥኗን ከፈተች። ከታች፣ ከነጭ አንሶላ ውስጥ፣ የብል መድኃኒት እየሸተተች በቅሎዋ ወጣች። ጆሮዋ አዲስ፣ ጭራዋ የተበጠረ፣ አንድ ቀዳዳ የላትም።

«አንቺ!» አለ አናጢው። የበቅሎዋን ጆሮ ዳሰሰ።

«ምን አንቺ ትለኛለህ? ብል ይብላት ወይ? በየዓመቱ የተቀደደውን እጠቅምላታለሁ። በል ግባ!»

«የፊቱስ?» የፊት እግሯ የነበረው ጓደኛው ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ተዋናዮቹ ሁሉ መድረክ ላይ ይፈለጋሉ። አዘጋጇ ከወለሉ ተነሣች፣ ጫማዋን ወዲያ ወረወረችና የበቅሎዋን ራስ አጠለቀች።

«ጋሼ፣ ምንም አይታየኝም!» አለች ከውስጥ።

«እኔም የዛሬ ሠላሳ ዓመት አልታየኝም፣ ሂጂ ዝም ብለሽ። ተረከዝሽን ስነካሽ ትቆሚያለሽ።»

ወጡ። በቅሎዋ መጀመሪያ ዛፉን ገጨች። ይቅርታ ልትጠይቀው ይመስል አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሙሽራውን ጀርባዋ ላይ እንደማስቀመጥ እየጎተተች ወደ ከበሮ መቺው ወሰደችው። ስልኮች አንድ በአንድ ወረዱ። ሙሽራው ግራ ገብቶት፣ ያጠናውን ዘፈን እንዳለ ለቀቀው፦

«ተነሺልኝ ሞተሬ…»

በቅሎዋ ዞር ብላ አየችው። አዳራሹ ማስካካት ጀመረ።

ከበሮው ያቺን የድሮዋን ምት መታ። አናጢው በጨለማው ውስጥ ሰማት። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ድሮም ደህና አልነበረም፣ አሁንማ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። የልጅቱን ተረከዝ ነካ። ግራ ጉልበቱን አጠፈ። «እህህ» አለ። ወዲህ፣ ወዲያ። ዱብ!

ወጣቱም ሽማግሌውም ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሳቁ መሃል ግን ከሦስተኛው ረድፍ ከዘራ ወለሉን ሲደበድብ ተሰማ።

«ቆዩ! አቁሙልኝ! ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ!» አማት ቆመዋል። «ሠላሳ ዓመት ቤቴ ዱካ ላይ የተቀመጠው ነው! እንቁላል የምትጥለዋ ዶሮ! አማቼ እኮ ነው! ኧረ በቅሎዋ አማቼ ነው!»

ሙዚቀኞቹ ቆሙ። ታዳሚው የተውኔቱ ክፍል መስሎት እያጨበጨበ ተነሣ።

«ጋሼ» አለች አዘጋጇ በሹክሹክታ፣ «ማን ናቸው?»

«አማቴ ናቸው።»

«ተውኔቱ ውስጥ አሉ እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ አናጢው። ላብ ይሁን እንባ እሱም አያውቅም፣ ፊቱ ርሷል።

በማግሥቱ ባልና ሚስት አማት ቤት ሄዱ። ሚስት በመንገድ ላይ ሁሉ «የበቅሎ ቂጥ ካሉህ ዝም በል፣ እንዳትመልስ» እያለች ትመክረው ነበር። አናጢው ገባ፣ አንገቱን ሰበረ፣ እንደ ልማዱ ወደ ዱካዋ ሄደ። ዱካዋ የለችም።

«ያኔም አንተ ነበርክ?» አሉ አማት ሳያዩት።

«እኔ ነበርኩ እማማ። የፊቱ ሌላ ሰው ነው፣ የኋላው ግን…»

«የፊቱን ማን ጠየቀህ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዚያን ዕለት ባሌ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። ልጄ የምታገባውን ልይ ብዬ ባልወጣ፣ ቤት እንደተዘጋሁ ነበርኩ። አራት ወር ጥርሴ ተገልጦ አያውቅም። ያቺ በቅሎ ቁጭ ስትል ሳቅኩ። እቤት ገብቼ ምን ሆኜ ነው የሳቅኩት ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ አቀማመጧ ትዝ አለኝና እያለቀስኩ ሳቅኩ። እኔን ከአልጋ ያነሣኝ ሐኪም አይደለም፣ በቅሎ ነው። እንዲህ እያልኩ ሳመሰግንህ እዚያች በር ላይ ተጎልተህ ዝም ትላለህ?»

ሚስቱ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

አማት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ያቺን ማንም የማይነካትን፣ ትራስ ያላትን የራሳቸውን ወንበር በእጃቸው ወደሱ ገፉለት።

«ና፣ ቁጭ በል ልጄ» አሉ።

አናጢው ወንበሯን አየ፣ አማቱን አየ። ግራ ጉልበቱን አጠፈ። «እህህ» አለ። አማት በጣታቸው ይቆጥራሉ፦ አንድ፣ ሁለት። ዱብ አለ።

ሴትዮዋ ግድግዳ ይዘው፣ ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና «ድገመው» አሉ።