«እግዚአብሔር ይመስገን» ላይ የተቆረጠው ፊልም

ንጋት፣ ላስ ቬጋስ

አውቶቡሱ ሲነሳ የሸኘኝ ሰው የለም። ደግነቱ የሚጠብቀኝ ሥራ አለ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ በርባንክ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ኢትዮጵያ አበባ ለሚያመርት ኩባንያ ፊልም ድምፄን ልሰጥ ነው። ከወደዱኝ ቋሚ ትሆኛለሽ ብለውኛል። ቋሚ ከሆንኩ ሎስ አንጀለስ እገባለሁ፤ አማርኛ የሚያወራኝ ጎረቤት አላጣም። እዚህማ ሳምንቱን ሙሉ የማወራው ከቴሌቪዥኔ ጋር ነው። በመስኮቱ በረሃ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ደግሞ በረሃ።

እኩለ ቀን፣ በርባንክ

ከጣቢያው የወሰዱኝ ባለታክሲ ጋሼ ታደሰ የኢንግልዉድ ነዋሪ ናቸው። «ፍሪዌዩ ጃም ነው፤ ሶ በውስጥ ለውስጥ ድራይቭ ላድርግ» አሉ። ሥራዬን ስነግራቸው ሳቁ።

«አበባውስ ያምራል። አበባ ቆራጮቹን ግን ፊልም ሠሪዎቹ ጠይቀዋቸዋል?»

«አዎ፣ ፊልሙ ላይ አንዷ አለች።»

ስቱዲዮው ይበርዳል። ስክሪኑ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ የቀላ ሴት። ጠያቂው «እንዴት ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ልትቀጥል ስትል ተቆረጠ። በሷ ድምፅ ፋንታ እንዳነበው የተሰጠኝ እንግሊዝኛ ግን «ኩባንያው ጤናዬን ይጠብቅልኛል፤ አመሰግናለሁ» ይላል።

ያልተቆረጠውን አሳዩኝ አልኩ። ሴትየዋ እንዲህ ብላ ነበር የቀጠለችው፦ «ግን መድኃኒት ሲረጩ አያስወጡንም። ዓይኔ ማንባቱን አላቆመም። ጓንት ስንጠይቅ ዛሬ ነገ ይሉናል።»

«ያ እኮ ሰላምታ ነው» አልኩት የፊልሙን አዘጋጅ። «እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛም መጀመሪያ ያመሰግናል። ችግሩን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ኦኬ፣ ግን አመስግናለች አይደል?»

ወይ ጉድ! «ያመሰገነችው ፈጣሪዋን ነው፣ አለቃዋን አይደለም!» ብዬ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ደሜ ፈልቷል። ደጅ ስወጣ ግን ሥራውም ጎረቤቱም እዚያው ቀሩ። ፊልሙን ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ያነበዋል።

ማምሻ፣ ፌርፋክስ

የመልሱ አውቶቡስ ገና ነው። ሎስ አንጀለስ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ፣ አሥራ ሁለት ዶላር። ሁሉም ከሰው ጋር ነው፤ ሲጎራረሱ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ባለቤቷ እትዬ አስካለ አያውቁኝም። ትሪውን አስቀምጠው «እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አልሄዱም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እሱስ ይመስገን» አሉ። «አንቺስ እንዴት ነሽ?»