ሁለቱ የማይዋሹ ሴቶች

ቦንግሲል ቶፉ የሚባል የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ እጇ ከአኩሪ አተር ውሃ የተነሳ ዓመቱን ሙሉ የተሰነጣጠቀ፣ ባሏን የማዕድን ጉድጓድ የበላባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት። በሰፈራችን ስለ እሷ የሚወራ ነገር አልነበረም። በእኛ አገር ደግሞ ስለ አንድ ሰው ምንም አለመወራቱ ትልቅ ጸጋ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከቻይና የሚያዋስነን የቱመን ወንዝ በረዶ ሲሠራ፣ ዱቄት ፍለጋ በእግሯ ወደ ቻይና ተሻገረች። እዚያ ሆ የሚባል የእኛው ዘር የሆነ ወንጌላዊ አገኛት። አርባ ቀን ሙሉ ሩዝ በሥጋ እያበላ፣ ሞቅ ያለ ወለል ላይ እያስተኛ ስለ ክርስቶስ አስተማራት። አመነች። ለሩዙ ብላ ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! ለሩዝ ያመነ ሩዙ ሲያልቅ ይተዋል፤ እሷ አልተወችም።

ሲመልሳት አቶ ሆ እንዲህ አላት፦ «መጽሐፍ አትያዢ፣ መስቀል አትያዢ። ትእዛዛቱን በቃልሽ ያዢ። አንድ ሰው ብቻ አምጪ፤ አንድ ይበቃል።» ይህን ያለው ወንዙ ማዶ፣ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ነው። እሱን ባገኘው የምለው ነበረኝ፤ ሆድ ይፍጀው።

አንዷ ሰው ጎረቤቷ ሪዮንህዋ ሆነች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ የቀረ፣ ሶልሚ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያላት፣ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ የምትሰማ ሴት። ቦንግሲል አኩሪ አተር ስትፈጭ ሪዮንህዋ ታግዛታለች፤ ወፍጮው ሲንኳኳ አንዷ ታስተምራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት ሄዱ። ሪዮንህዋም አመነች።

አሁን የእኛን ቅዳሜ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሂስና ግለ ሂስ አለብን። አሥራ ሦስት ሴቶች የሰፈሩ አለቃ ጓድ ፒልሱን ቤት ወለል ላይ እንደረደራለን። እያንዳንዷ መጀመሪያ የራሷን ጥፋት፣ ከዚያ የአንዷን ጓደኛዋን ጥፋት ከደብተሯ ታነባለች። ሰው ሳይከሱ መውጣት የለም። ታዲያ ማን ሞኝ ነው? ዓርብ ውሃ ስንቀዳ እንስማማለን።

«ነገ አረፈደች በይኝ፤ እኔ የመሪዎቹን ፎቶ አቧራ አልጠረገችም እልሻለሁ።»

«ኧረ ፎቶውን ተይው፣ ልታስበዪኝ ነው? ሌላ ፈልጊ!»

ሁሉም ውሸት ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ አለቃዋም ታውቃለች። ተወቃቅሰን፣ አንገት ደፍተን፣ «አስተካክላለሁ» ብለን ወደ ቤታችን። ማንም አይጎዳም።

ቦንግሲልን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ሆነ። ከያዘቻቸው ትእዛዛት አንዱ በሰው ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል።

«ከእንግዲህ በሐሰት ልከስሽ አልችልም» አለቻት ሪዮንህዋን።

«ዝም ካልሽ እኮ ቆዳሽን ይገፉታል።»

«እውነተኛ ጥፋት ስጪኝ።»

ሪዮንህዋ በሳቅ ፈረሰች። «አይ እትዬ! አንቺ ጥፋት ጠይቀሽኝ እኔ ላጣ? ነገ ጠዋት መንገድ ጠረጋ ላይ ሆን ብዬ ግማሽ ሰዓት አረፍዳለሁ። ከዚያ በንጹሕ ሕሊና ቀጥቅጪኝ!»

አደረገችውም። በሌላ ሳምንት ቦንግሲል በስብሰባ ሰዓት ቶፉ ሸጠች፤ ሪዮንህዋ ከሰሰቻት። በጥር፣ ቤቱ ሁሉ ለመንግሥት እርሻ የፍግ ኮታ ሲያስገባ፣ ሪዮንህዋ ግማሽ ባልዲ አጎደለች። ውሸት ላለመናገር ብሎ የሚያጠፋ ሰው አይታችኋል? ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ ደስ ብሏቸውም ነበር።

ከዚያ ማዶ ለማዶ የሚመላለስ አንድ ሰው ተያዘ። ተገርፎ አንድ ነገር ተናገረ፦ ከእኛ ሰፈር አንዲት ሴት ተሻግራ ክርስትና ተምራለች። ስሟን አያውቅም። የጸጥታ ሰው መጥቶ ጓድ ፒልሱንን «ፈልገሽ አምጪ» አላት። ፒልሱን ፈሪ ናት፤ ስትፈራ ደግሞ ሥራ ትወዳለች። ከሌሎቻችን የምትለየውን ለማግኘት የሁለት ዓመት የሂስ መዝገቧን አወጣች፣ የመንገድ ጠረጋውንና የኮታውን መዝገብ ከጎኑ ዘረጋች፣ እያንዳንዱን ክስ ማመሳከር ጀመረች። የእኛ ሁሉ ባዶ ነው። አረፈደች የተባለችው በዚያ ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። የሁለቱ ግን አንድም ሳይቀር እውነት ሆኖ ተገኘ።

ቅዳሜ ስንገባ ጥቁር የጥጥ ካፖርት የለበሰ ሰው ጥግ ተቀምጦ ሙቅ ውሃ ይጠጣል። የጸጥታው ሰው ነበር።

«ጓድ ቦንግሲል፣ ተነሺ» አለች ፒልሱን። «በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ እውነት የተናገራችሁት አንቺና ሪዮንህዋ ብቻ ናችሁ። ሌሎቹ እንደ ጤነኛ ሰው ይዋሻሉ። እናንተን ምን ነካችሁ?»

ሰውዬው ጽዋውን አስቀመጠ።

«ወንዙን ተሻግረሻል?»

«አዎ።»

«ምን አስተማሩሽ?»

«በክርስቶስ ማመን።»

ቦንግሲል ለራሷ አልፈራችም። በእኛ አገር ይህን የመሰለ ጥፋት ቤተሰብን ጠራርጎ ይወስዳል፤ እሷ ግን የሚወሰድባት የላትም። የታያት የሶልሚ ፊት ብቻ ነበር።

«አንቺስ ማንን አስተማርሽ?»

«ማንንም።»

«ሪዮንህዋስ?»

«ሪዮንህዋ?» አለችና ቦንግሲል ሳቀች፤ እንዴት እንደሳቀች እግዜር ይወቅ። «ይህች ለፍላፊ? የሰማችውን እስከ ማታ ለማትይዝ ሴት ምን ምስጢር ይነገራል! ጥፋትሽን ንገሪኝ ስላት ትነግረኛለች፣ ሞኝ ስለሆነች ነው። ሌላ የምታውቀው የለም።»

ሰውዬው ወደ ፒልሱን ዞረ። «ይህች ሴት ትዋሻለች?»

«ሁለት ዓመት መርምሬአለሁ፤ አንድም ጊዜ አልዋሸችም» አለች ፒልሱን ቶሎ ብላ። ከሰፈሯ ሁለት ጥፋተኛ ቢገኝ የራሷም ወንበር አይተርፍም።

«እንግዲያው አንድ» አለና የቦንግሲልን ስም ጽፎ እስክሪብቶውን ከደነ።

አበቃ፤ ሪዮንህዋም ልጇም ተረፉ ብለን ተነፈስን።

ሪዮንህዋ ተነሳች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»

«ቁጭ በይ!» ብላ ጮኸች ቦንግሲል። «ትቀባጥራለች፣ አትስሟት! አንቺ ቀበጥ፣ ቁጭ በይ አልኩሽ!»

«እውነቴን ነው። አስተምራኛለች፤ እኔም አምኛለሁ። አለመዋሸትን አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ? በእኔ የተነሳ ኃጢአት ውስጥ ስትገቢ ቁጭ ብዬ ልይ?»

ፒልሱን ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው እስክሪብቶውን እንደገና ከፈተ።

ሁለቱን ይዘው ወጡ። እኛ አሥራ አንዳችን ምን አደረግን? ፒልሱን «ሂሱ ይቀጥል» አለች፤ ቀጠልን። እየተነሳን ሁለቱን ከሰስን። «ድሮም እጠረጥራቸው ነበር» ያልን አለን። እኔም ብያለሁ።

ሶልሚን ከቤት አመጧት። የበቆሎ ገንፎ እየበላች ነበርና ማንኪያዋን እንደያዘች ጭነት መኪና ላይ ጫኗት። ሁለቱ ሴቶች እጃቸው የፊጥኝ ታስሯል። ልጅቷ «እማ፣ የት ነው የምንሄደው?» እያለች መሃላቸው ተቀመጠች። መኪናው ከሰፈር ሲወጣ ሪዮንህዋ ፊቷ ገርጥቶ፣ ግን ተረጋግታ፣ ወደ ቦንግሲል ዘንበል አለች።

«እትዬ፣ ልክ አደረግሁ፣ አይደል?»

ቦንግሲል ልጅቷን አየቻት። ሪዮንህዋን ጮሃ ልትሰድባት፣ በጭንቅላቷ ልትገጫት ፈልጋ ነበር።

«ልክ ነሽ፣ እህቴ» አለቻት፤ በዚያ ቀን ሁለተኛ ውሸቷ ነበር።