ረጅሙ ወንዝስ?

ባለፈው ሰኞ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ጎዳና፣ በእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ጥቂት ሰዎች ቆመን ስለ አንዲት ሴት ሞት ተማከርን። ሟቿ አዋሳ ያሉት የሰላማዊት እናት ናቸው። ሰላማዊት ሃውቶርን የምትኖር፣ አረጋውያን በመንከባከብ የምትተዳደር ልጅ ናት፤ ሐሙስ ጠዋት የዜግነት ኢንተርቪውና የቃል ፈተና አለባት። ዜግነቱን የፈለገችውም ለሌላ ለምንም አይደለም፣ እናቷን ለማምጣት ነው።

«ሐሙስን ትለፍ፤ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን» አሉ እትዬ አስካለ። «አሁን ከሰማች ፈተናውም ቀረ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደምሴ፣ አንተ እንደ ወትሮህ አስጠናት። ካቆምክ ትጠረጥራለች።»

አልችልም ማለት ቢያምረኝም እሺ አልኩ። በአገራችን ወግ ራቅ ብሎ ያለ ሰው እናቱ ስትሞት በስልክ አይነገረውም፤ ጊዜና ሰው ተመርጦለት ነው የሚረዳው። ደግ ወግ ነው፣ አልክድም። ግን እኔ ከወዲያኛው በኩል ነው የማውቀው።

ያደግሁት ኩባ ነው። አባቴ በሶማሊያ ጦርነት ሲሞት፣ እንደኔ ካሉ የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ጭነው ወሰዱን። እናቴ ወንጂ ቀረች፤ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ትሰፋ ነበር። እኛን ያሰፈሩን ከዋናው ደሴት በስተደቡብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው፤ መሬቷ ቀይ፣ ነፋሷ ጨው ጨው የሚል። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት እንለቅማለን። ጭማቂው በተቧጨረ እጅ ላይ ሲፈስ የሚያቃጥለው ነገር ዛሬም ፍሬውን ገበያ ላይ ሳይ ትዝ ይለኛል። ምሳ ሩዝና ጥቁር ባቄላ፣ እራት ባቄላና ሩዝ። እሑድ እሑድ ዳቦ በዘይቱና ማርማላታ ይሰጡናል፤ ለዚያች ዳቦ ስንቱ ተደባድቧል!

የመጨረሻው ዓመት ላይ የጂኦግራፊ ፈተና በቃል ነበር። ካርታው ፊት ቆመህ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማህ፣ ስለ ኩባ መሬት፣ ሕዝብ፣ ኢኮኖሚና መንግሥት በስፓኒሽ ታስረዳለህ። ያለፈ ሃቫና ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የወደቀ አገሩ ይመለሳል፤ ያኔ ለእኔ ዕድሜ ልጅ አገር መመለስ ማለት ግንባር መሄድ ማለት ነበር።

እናቴን ወባ የገደላት ፈተናው ሊደርስ ሲል ነው። ወሬው የደረሰው ለአማርኛ አስተማሪያችን ለጋሼ በላቸው ነበር። እሳቸውም የመኝታ ክፍሌን ልጆች ሰብስበው «ፈተናውን ይጨርስ» አሏቸው። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ማርታ ስትሰማ በጣም ተቆጥታ ነበር አሉ፤ እነሱ ዘንድ ሞት ወዲያው ይነገራል። ጋሼ በላቸው ግን ለምነው አፏን አስያዟት።

እኔ ምኑንም አላወቅሁም። ያየሁት ነገር ቢኖር ሰው ሁሉ በድንገት ደግ መሆኑን ነው። ለቀማ ላይ ጥላ ያለበትን ረድፍ ይሰጡኛል። እሑድ ዳቦዬን የሚነጥቀኝ ቀርቶ የራሱን የሚያካፍለኝ በዛ። ከአልጋዬ በላይ የሚተኛው ግርማ፣ ሌላ ጊዜ ሲያንጎራጉር የሚያመሽ ልጅ፣ ጭጭ አለ። ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ አከበሩኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አይ ልጅነት!

የፈተናው ቀን የመጠቆሚያ ዱላዬን ይዤ ካርታው ፊት ቆምኩ። ኩባኖች ደሴታቸው ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ አዞ ትመስላለች ይላሉ፤ ከምዕራብ፣ ከትምባሆው አገር ጀምሬ በስተምሥራቅ እስካሉት ተራሮች ሄድኩ። የክረምቱን ዝናብና ጣሪያ የሚነቅለውን አውሎ ነፋስ አወራሁ። ሕዝቡ በባርነት ከመጡ አፍሪካውያንና ከስፔን ሰፋሪዎች እንደተገኘ ተናገርኩ። መንግሥቱማ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ይከብዳል፤ አንድ ፓርቲ፣ በየሰፈሩ ኮሚቴ፣ ዘይትና ሩዝ በራሽን። እንደ ውኃ ጠጣሁት።

ኢኮኖሚው ላይ ስደርስ ስኳር መጣ። ሸንኮራው እንዴት እንደሚቆረጥ፣ በየትኛው መርከብ ለማን እንደሚሸጥ አስረዳሁና ደስ ስላለኝ ከመጽሐፉ ወጣሁ። «እናቴም ስኳር ፋብሪካ ነው የምትሠራው» አልኩ። «አንድ ቀን እዚህ መጥታ ፋብሪካዎቹን ታያለች።»

ማርታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አገሯን ስላሞገስኩላት ነው ያለቀሰችው ብዬ የባሰ ኮራሁ።

«ይበቃል ልጄ፣ አልፈሃል» አለችኝ ሳትዞር።

ዱላውን ላስቀምጥ ስል ግርማ እጁን አወጣ። «ረጅሙ ወንዝስ?» አለ።

ምን ዓይነት ምቀኛ ነው አልኩ በሆዴ። ግን ጠንቅቄ አውቀው ስለነበር ካውቶ ወንዝ ከየት ተነስቶ የት ባሕር እንደሚገባ በዱላዬ አሳየሁ። «ሲሞላስ፣ የትኛውን አገር ያጥለቀልቃል?» አለ እንደገና። መለስኩ። ሦስተኛ ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለ።

በሩ ላይ ጋሼ በላቸው በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል። «ና እስቲ ልጄ» አሉኝ። ከኋላዬ ሁለት ልጆች ክንዴን ግራና ቀኝ ያዙኝ። ሐበሻ ክንዱን ሲያዝ የሚነግረው አያሻውም፤ ኮቱን ሳይ «እናቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ማንንም አልተቀየምኩም፣ ከግርማ በቀር። «እናቴ መሞቷን እያወቅህ ወንዝ ትጠይቀኛለህ?» አልኩት አንድ ቀን፣ እርሻው መሐል። ቀዩን መሬት በጫማው ይጭር ጀመር። ከዚያ ወዲህ በወጉ አልተነጋገርንም። እኔ ሃቫና ገባሁ፣ በኋላም እዚህ አገር መጣሁ፤ እሱ እዚያው ኩባ ቀረ። ዛሬ ያቺ ደሴት መብራት አጥታ በጨለማ ታድራለች፤ ለዓለም ስትሸጥ የኖረችውን ስኳር ከውጭ ትገዛለች ይባላል። ግርማም እዚያው መሞቱን ከብዙ ዘመን በኋላ ሰማሁ። መርዶ የሚነገረው ዘመድ እንኳ አልነበረውም።

ትናንት ሰላማዊት የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጥታ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ ሽሮ አቀረቡልንና ፈጥነው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቶሎ እንጨርስ፣ ኦኬ? ለማሚ መደወል አለብኝ። ሰሞኑን ስልኳ እምቢ ብሎኛል፤ ኔትወርክ ነው መሰለኝ።»

የመንግሥቱን ቅርንጫፎች ጠየቅኳት፣ ዘረዘረች። በስተምዕራብ ያለውን ውቅያኖስ፣ ዋና ከተማውን ጠየቅኳት። አንድም አልሳተች፤ እየሳቀች ነበር የምትመልሰው።

«አለቀ! ሶ፣ አለፍኩ ማለት ነው?» አለችና ስልኳን አነሳች። የእናቷ ፎቶ መስታወቱ ላይ በራ።

«ቆይ» አልኳት። «ረጅሙ ወንዝስ?»

«እንዴ ጋሼ፣ እሱን እኮ ቅድም ጠይቀኸኛል።» ቢሆንም ስልኳን አስቀመጠችና መለሰችልኝ። እኔም ሌላ ጠየቅኩ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ። ግርማ እጁን ያወጣው ለምን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ከዚያ ክፍል እስክወጣ ድረስ እናቴ ለእኔ አልሞተችም ነበር፤ ልጁ ትንሽ ሊያቆያት ፈልጎ ነው። ይህን ያህል ዘመን ምቀኛ ስለው ኖርኩ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሃውቶርን እንሄዳለን። ጥቁር ኮቴን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ሰቅየዋለሁ። ለቅሶው ሲበርድላት አንድ ቀን ሰላማዊት «ወንዙን ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር?» ትለኛለች። ከአሁኑ መልስ እየፈለግሁ ነው፤ እስካሁን መሬት ከመጫር በቀር ምንም አላገኘሁም።