ከኋላ የሚመጣው ጊታር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩርሙክ

ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ «ስብሰባ አለብኝ» ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ። የምሄደው ግን አሶሳ፣ ዘፈን ለመስማት ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ግራ ጆሮዬ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ቀኙም እየከዳኝ ነው። አስተማሪ ነኝ። የተማሪውን መልስ ከከንፈሩ እየገመትኩ «ጎበዝ!» ማለት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ዲስክ እኔና ሟቹ ወንድሜ ጌትነት ካሴቱ እስኪላላ የሰማነው የድሮ የሮክ አልበም ነው። አሁን ድምፁ ለአምስት ስፒከር ተከፋፍሎ እንደገና ታትሟል። ጌትነት «ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ሌላ ጊታር አለ» ይል ነበር። እኔ ሰምቼው አላውቅም፤ «ደንቆሮ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በአዲሱ እትም ያ ጊታር ለብቻው ከኋላ ይመጣል አሉ። እሱን ከሰማሁ ቀኝ ጆሮዬ ገና አለ ማለት ነው አልኩ ለራሴ።

መንገዱን መንገድ አትበሉት። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያነጥረን አቧራ ጠጣን። ኬላ ላይ ለፍተሻ ወርደን አንዱ ወታደር ከኋላዬ ሲጣራ ኖሯል፤ ክንዴን ሲይዘኝ ክው አልኩ።

«አትሰማም እንዴ?»

«ሐሳብ ይዞኝ ነው» አልኩት። አፈርኩ።

ከቀትር በኋላ፣ አሶሳ

ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ድሮ ያስተማርኩት፣ እስካሁንም መምህሩን «ኡስታዝ» እያለ የሚጠራኝ፣ ዛሬ ባለ አምስት ስፒከር የኳስ ማሳያ ቤት ያለው አባወራ። ማንጎ ቆርጦ አበላኝ። ጨዋታ ሳይጀመር ቤቱን ለቀቀልኝ፤ አግዳሚዎቹን ገፍቶ መሃል ላይ አስቀመጠኝ።

ከበሮው ከፊቴ ጀመረ። ዘፋኙ ገባ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ከኋላ ምንም የለም። ዘፈኑ አለቀ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ሐሚድ፣ ጊታሩ የታለ?»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወላሂ ረሳሁ፣ ኡስታዝ! የኋላ ስፒከር ውጭ ነው። ኳስ ሲኖር ሰው ሰምቶ እንዲገባ ወደ መንገድ እናዞራለን። ጊታር ሁሉ መንገድ ሄዷል!»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለካ አልደነቆርኩም! ሁለቱን ስፒከሮች ከበሩ በላይ አውርዶ ከጀርባዬ አቆማቸው፤ ዘፈኑንም ከመጀመሪያው ለቀቀው።

ዘፋኙ ገባ። ሐሚድ ድንገት አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከዚያ በፈካ ፊት ወደ እኔ ተመለሰ። «ያ ሰላም! ይቺ ጊታር ቆንጆ ነው!» ሲል ከንፈሩን አነበብኩ። እኔ ከጀርባዬ የሰማሁት አንዳች ነገር የለም።

«ይሰማል አይደል፣ ኡስታዝ?»

«ይሰማል» አልኩት። ምን ልበል? ጌትነት እውነቱን ነበር። እንዳልነግረው እሱም የለም። ከውጭ ሰዎች ለኳሱ መግባት ሲጀምሩ ዲስኩን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

እሑድ ማምሻ፣ ኩርሙክ

አሶሳ አድሬ በመልሱ መንገድ ላይ አልቅሻለሁ፤ አቧራው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ እስከ ዛሬ ሌላውን ሳይሆን ራሴን ስሸነግል መኖሬን ነው።

ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ስፈታ ትከሻዬን ተነካሁ። ጥሩወርቅ ናት።

«ስንቴ ልጥራህ? ውሃ ላሙቅልህ ወይ?»

መዋሸት ታከተኝ። «ጥሩዬ፣ አልሰማሁሽም። ጆሮዬ ሄዷል። ነገ ለርዕሰ መምህሩ እነግራቸዋለሁ፤ ማስተማሩም ያበቃል» አልኳት።

አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አላወቅሁም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።