የግራው ጥግ

ሚስቴን በሩቁ የሚያውቋት ሰዎች ጠብ አትወድም ይላሉ። ውሸት ነው። ትጣላለች፤ የምትጣላው ግን ከራሷ ጋር ብቻ ነው። መጋረጃ ሰፊ ናት። ደንበኛዋ የመስኮቷን ልክ አሳስታ ነግራት መጋረጃው ቢያጥር፣ «ሄጄ ራሴ መለካት ነበረብኝ» ብላ በራሷ ጨርቅ ትቀጥልላታለች። ሰው በእግሯ ላይ ቢቆምባት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። እኔ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ጎማዬ ቢተነፍስ መንገዱን ከሠራው ሰው ጀምሬ ነው የምሰድበው። አብራን የምትኖረው እናቴ፣ «እግዜር እናንተን አንድ ላይ አቡክቶ ለሁለት ቢከፍላችሁ ሁለት ደህና ሰው ይወጣችሁ ነበር» ትላለች።

ስኑከር የሚሉትን፣ ኳስ በእንጨት እየመቱ የጠረጴዛ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገቡበትን ጨዋታ፣ ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ጠባብ መጫወቻ ቤት ነበራቸው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ትጫወታለች። አባቷ «ቀስ ብለሽ። ኳስ የሚታዘዘው ሲለመን እንጂ ሲደበደብ አይደለም» ይሏት ነበር። ሰውዬው ሲሞቱ ወንድሞቿ ቤቱን ሸጠው ተካፈሉ። ጠረጴዛውን ማን እንደወሰደው እንኳ የነገራት የለም። ለእሷ የደረሳት እስቲኩ፣ አባቷ ኳስ የሚመቱበት እንጨት፣ ብቻ ነው። ከቁም ሳጥናችን ጀርባ ለዓመታት ቆሞ ሲኖር እኔ የመጋረጃ ዘንግ ይመስለኝ ነበር።

ከሥራ ቦታዋ ፊት ለፊት አንድ የስኑከር ክበብ አለ። አንድ ቀን ደፍራ ገባች። ሰብሳቢው ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «እህቴ፣ እመቤቶች ከባሎቻቸው ጋር መጥተው መመልከት ይችላሉ። መጫወቱ ግን ለአባላት ነው። አባል ደግሞ ሴት ኖሮን አያውቅም» አላት። ይህንን የነገረችኝ ከሳምንታት በኋላ፣ ያውም እየሳቀች ነው። እኔ ግን ራት አልበላሁም። ኖሮን አያውቅም ማለት ምን ማለት ነው? እነሱስ ሲወለዱ አባል ነበሩ?

ከዚያ የክበቡ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ውድድሩ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር ያለፈ ሰው የአባልነት መታወቂያ ይሰጠዋል ይላል። ማንኛውም ነዋሪ ብለው ሲጽፉ እሷን አላሰቧትም፤ ሊከለክሏት ግን አይችሉም።

«አንድ ሰው ካሸነፍኩ ይበቃኛል። ዋንጫውን አልፈልገውም፤ በሩን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ግን የት ትለማመድ? ክበቡ እንደማያስገባት ነግሯታል። ደግነቱ፣ ያኔ ደግነት መስሎን ነበር፣ ክበቡ አዳዲስ ጠረጴዛዎች አስመጥቶ ከአሮጌዎቹ አነስ ያለውን ሊሸጥ ነው ተባለ። ሶፋችንን ሸጠን ሄድን።

ያን ቀን ሳስታውስ አሁንም ስድብ ይቀድመኛል። ሰብሳቢው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያወራው ከእኔ ጋር ነው። እስቲክን ከመጋረጃ ዘንግ ለይቼ ከማላውቀው ከእኔ ጋር። ውሃ ልክ አውጥቶ ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጠና፣ «እየው ወንድሜ፣ ንቅንቅ የለም» አለኝ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ። ሚስቴ ጎንበስ ብላ ጨርቁን በመዳፏ እየዳሰሰች፣

«ከሥር ያሉት ድንጋዮች የራሱ ናቸው?» አለችው።

ከጨርቁ ሥር ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጎን ለጎን ይነጠፋሉ፤ የጠረጴዛው ነፍሱ እነሱ ናቸው። ሰውዬው መልሱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ባለቤትህ ጠንቃቃ ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ወጥ ናቸው በላቸው።»

«ጨርቁን ገለጥ አድርገን ብናየው?» አለች ሚስቴ።

«ጨርቅ ከተገለጠ ተበላሸ ማለት ነው ወንድሜ። ደግሞ የእኔ ሰዎች እቤታችሁ ድረስ መጥተው ይገጥሙላችኋል።»

አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ማለት እሱ ነው። ከፈልን፤ በራሴ መኪና ጫንኩት። ሳሎናችን አልበቃ ስላለ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መሃል የነበረውን የእንጨት ግድግዳ አነሳን። ሚስቴ በምትኩ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለችለት። የሰብሳቢው ሰዎችም እኛ ሥራ ላይ ሳለን መጥተው ገጠሙት። በአንደኛው ጎን ለመምታት ስትቆም ክንዷ የሚዘረጋው መጋረጃውን አልፎ መኝታ ቤት ነው። እናቴ የፕላስቲክ ወንበሯን ግድግዳ አስጠግታ፣ «ይኸው እንግዲህ፣ ለእኔ አልጋ ሲሆን ቤቱ ጠባብ ነበር» እያለች ትመለከታለች። ትበል እንጂ ከዚያ ወንበር የሚያስነሳት አልነበረም።

ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ትለማመዳለች። ከዓመታት በኋላ እንኳ እጇ አልረሳም፤ ቀይዋን ኳስ፣ ጥቁሯን፣ ሁሉንም እየላከች ታስገባለች። አንድ ቦታ ብቻ እምቢ አላት። ከወዲያ በኩል ያለው የግራው ጥግ። ወደዚያ ቀዳዳ ቀስ አድርጋ የላከቻት ኳስ ልትገባ ስትል ወደ ቀኝ ታጋድልና የቀዳዳውን ከንፈር መትታ ትመለሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሁልጊዜ።

«ጠረጴዛው ነው» አልኳት።

«አንተ ምን ጊዜ ሰው ሳትከስ ውለህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ፤ ዝጌያለሁ» አለችኝ።

አላስቻለኝም፤ ሄጄ ሰብሳቢውን ይዤው መጣሁ። ኮቱን አውልቆ ለእናቴ አስያዛትና፣ ኳሷን ወደ ግራው ጥግ በኃይል ለጋት። ጓ ብላ ገባች። ደገመ፤ ገባች። ኮቱን ተቀብሎ እየለበሰ፣ «ጠረጴዛው ምንም የለበትም። እጅ ነው» አለ። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሴት ልጅ እጇ ለመርፌ ነው የሚያምርባት» ብሎኝ ወጣ። እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ መሳደብ ነውር ነው ተብዬ ስላደግኩ በሩን ብቻ ከኋላው ዘጋሁ።

እናቴ ብቻ፣ «ሰውዬው እንደ በጥፊ ነው የሚመታት። እሷ እንደዚያ አትመታም እኮ» አለች። የሰማት የለም።

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፣ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ ይባላል። እኛ ነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቴ እጇን መቅጣት ያዘች። ኳሷ ወደ ቀኝ የምትሸሽ ከሆነ ትንሽ ወደ ግራ ማነጣጠር አለብኝ አለች። ወራት ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ እዚያችው ጥግ ላይ። ስትስት እጇን በሌላ እጇ ትመታዋለች። «ይሄ የተረገመ እጄ» ስትል ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቼ እሰማለሁ። ቀስ በቀስ ግን ገባላት። ወደ ግራ አነጣጥራ ስትልካት ኳሷ ተጠማዝዛ ሄዳ ትገባለች። እልል ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

የውድድሩ ዕለት የደረሳት ተጋጣሚ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። የመጀመሪያውን ተሸነፈች፤ የግራው ጥግ ላይ ሁለት ኳስ ሳተች። እጇን ገልብጣ አየችው። በሁለተኛው ወደዚያ ጥግ ድርሽ ሳትል አሸነፈች። በሦስተኛው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረች። ያስገባት ያልፋል። ጥቁሯ ደግሞ የቆመችው ለግራው ጥግ ነው።

በአባቷ እስቲክ፣ አባቷ እንዳስተማሯት ቀስ አድርጋ፣ ወራት ሙሉ እጇን እንዳሠለጠነችው መታቻት። ጥቁሯ ኳስ አልተጠማዘዘችም። በተላከችበት ሄዳ የቀዳዳውን የግራ ከንፈር መትታ ቆመች። ልጁም አስገባት።

ሰብሳቢው ሊጨብጣት መጣ። «ጥሩ ሞክረዋል እህቴ። ያው ያኔ እንዳልኩት ነው። እጅ ነው።»

ከወንበሬ ስነሳ ሚስቴ እጅጌዬን ያዘችኝ። የባንክ ሠራተኛውን አስፈቅዳ ጥቁሯን ኳስ አነሳችና፣ ያለ እስቲክ፣ በጣቶቿ ብቻ ወደ ግራው ጥግ በዝግታ አንከባለለቻት። ኳሷ በማስመሪያ የተሰመረች ይመስል ቀጥ ብላ ሄዳ ገባች። ሚስቴ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን አየች።

«ለካ ደህና ጠረጴዛ እንዲህ ነው» አለች ለራሷ።

ለሰብሳቢው ድንገት ስልክ ተደወለለት። የጠራ ስልክ ግን እኔ አልሰማሁም።

እቤት እንደገባን ጫማዋን ሳታወልቅ ያንኑ አደረገች። ኳሷን በጣቷ ወደ ግራው ጥግ አንከባለለቻት። መሃሉን አልፋ ወደ ቀኝ ታጠፈች። እናቴ እንኳ ከወንበሯ ተነሳች። ሚስቴ መቀሷንና ምስማር መንቀያ አመጣች፤ ጨርቁን ከጠርዙ አስለቅቃ ገለጠችው። ሁለቱ ድንጋዮች ጥቁር ግራጫ ናቸው። በግራው ጥግ በኩል ያለው ሦስተኛው ነጣ ያለ፣ ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ፣ ከጓደኞቹ የሳሳ ነው። እኩል እንዲመስል ከሥሩ ካርቶን አጣጥፈው ወሽቀውበታል። ካርቶኑ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ ድንጋዩ ወደዚያው ጋደል ብሏል።

ካርቶኑን መዝዤ መኪናዬን ላስነሳ ወደ በሩ ሄድኩ። የሰብሳቢው ፊት ላይ ካልለጠፍኩት ብዬ።

«ቁጭ በል» አለችኝ። እንዲያ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም። «ካርቶን አሳይተኸው ምን ልትሆን ነው? ያገለገለ ዕቃ ነው የሸጥኩላችሁ ይልሃል። ገንዘቡን ይመልስ እንበል። እኔ ጠዋት ጠዋት ይሄን እጄን ስረግመው፣ ስደበድበው የኖርኩትን ማን ይመልስልኛል? አባቴ ያስተማረኝ እጅ እኮ ነው። ደህና እጅ ነበር።»

እናቴ መጥታ እጇን ይዛ ቁጭ አለች። ያን ያህል ዓመት ስንኖር ሚስቴ በሌላ ሰው ስትቆጣ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ካርቶኑን ይዤ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ግን አልቀረሁም፤ ሰብሳቢው ጋ ሄድኩ። ቃል በቃል እንዳለችው ነው የመለሰልኝ። «ያገለገለ ዕቃ ነው ወንድሜ።» ክበቡ በር ላይ ቆሜ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ የሰሙት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው፣ ደስ ይለኛል።

ጠረጴዛውን እኛው አስተካከልነው። ከመኪናዬ ዕቃ ሣጥን ቆርቆሮ አውጥቼ በልኩ ቆረጥኩ፤ በካርቶኑ ቦታ ወሸቅን። ውሃ ልኩን መሃል ላይ ብቻ ሳይሆን በየጥጉ አስቀመጥን። ጨርቅ መወጠር ለሷ የዕለት ሥራዋ ነው፤ አንዲት መጨማደድ የለችበትም። ኳሷን በጣቷ ስታንከባልላት ቀጥ ብላ ገባች።

ከዚያ እስቲኩን አነሳች። ጥቁሯን ኳስ ለግራው ጥግ አዘጋጅታ፣ ቀስ አድርጋ መታች። ወደ ግራ ሳተች። ደገመች። አሁንም ወደ ግራ። ክንዷ የለመደውን ነው የሚያደርገው። እኔ የሰብሳቢውን ዘር ማንዘር መቁጠር ስጀምር እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«ተው። አሁንስ የእውነት እጄ ነው» አለች። ፊቷ ላይ ግን ያ የድሮው ጸጸት አልነበረም። «እጄ ከሆነ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ኳሷን መልሳ ቦታዋ ላይ አስቀመጠችና መጋረጃውን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች።