ድምፅ የሌለው የፍሬን ሸራ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ ፒካፔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ጆሮ በሚያደነቁር ድምፅ ትጮህ ነበር። ከመታጠፊያው አጠገብ ዜማ የሚያስተምሩት ዓይነ ስውሩ የኔታ ጩኸቷን ሲሰሙ ዳር ይዘው ያሳልፉኛል። አንድ ቀን ግን፣ «ልጄ፣ መኪናህ ተማሪዎቼን ዜማ አሳተችብኝ እኮ» ብለው ሳቁ። አፈርኩ።

መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት የፍሬን ሸራ አውጥቶ አንዱ ቢጮህም ብዙ እንደሚቆይ፣ ሌላው ቶሎ ቢያልቅም ድምፅ እንደሌለው ነገረኝ። እኔ ጅሉ ድምፅ የሌለውን አስገጠምኩ።

በሳምንቱ፣ እንደ እኛ ሾፌሮች ልማድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነፃ አድርጌ፣ የሞተሩ ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። ክላክስ መንፋትማ ድሮም አልለመደብኝም፤ ጩኸቷ ይበቃኝ ነበር። መታጠፊያው ላይ የኔታ በመቋሚያቸው እየዳበሱ መንገድ ሲሻገሩ ደረስኩባቸው። ፍሬኑ ያዘ፤ መኪናዋ የቆመችው ግን ከገጨኋቸው በኋላ ነው።

«የኔታ! የኔታ!» እያልኩ ሮጬ ጭንቅላታቸውን ደገፍኩ። ድምፄን ለይተው እጄን ያዙኝ።

«እንኳን ደረስክልኝ ልጄ» አሉኝ። «የማን መኪና ነው የገጨኝ? ያንተንማ እሰማት ነበር።»